የወንድሜ እግር እና «ሰው ሠራሽ ቆዳ»፦ ገንዘቡን ያዋጣል ወይ?

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። አጥንት ወይም ጅማት ገልጦ ለቀረ የእግር ቁስል ይህ ነገር ያዋጣል። ሥጋው ቀልቶ ለሞላ ቁስል ግን አያስፈልግም፤ ተራው የቆዳ ግራፍት፣ ከራስ ጭን ተልጦ የሚለጠፈው ቆዳ፣ ይበቃል። የቀረው ዝርዝር ነው። ገንዘብ የሚያልቀውም ሰው የሚሳቀቀውም ግን ዝርዝሩ ላይ ነው።

ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ የሞተር መካኒክ ነው። የደንበኛ ሞተር ልሞክር ብሎ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ወደቀ። ሞተሩ እግሩን ከሥር አድርጎ አስፋልቱ ላይ ጎተተው። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ተመስገን ነው። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ በፊት ለፊት ያለው ቆዳ ግን ከነሥጋው ተገፎ ሄደ።

ቦታው ክፉ ቦታ ነው። ባት ላይ ወይም ጭን ላይ ቢሆን ኖሮ ከሥር ጡንቻ አለ። ጡንቻ ደም አለው፤ ቁስሉ ከሥር ይሞላል። እዚያ ጋ ግን ቆዳ፣ ጅማትና አጥንት ነው ያለው። አሁን እጃችሁን ልካችሁ ዳብሱት፤ ሌላ ነገር አታገኙም።

መጀመሪያ የገባንበት ቦታ፣ ስሙ ይቅር፣ ቁስሉን በደንብ አጠቡት። የሞተውን ሥጋ ቆርጠው አወጡ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌም ወጉት። እስከዚህ ጥሩ። ከዚያ ግን ተቻኮሉ። ከጭኑ ቆዳ ልጠው በቀጥታ ለጠፉበት። ፋሻው ሲከፈት ዳር ዳሩ ይዟል። መካከሉ፣ አጥንቱና ጅማቱ ያሉበት፣ ጠቁሯል። ሐኪሙ በፒንሴት ነካ ሲያደርገው ሙሉው ተነሣ። ከሥሩ የታየኝ አጥንት ደረቅና ቢጫ ነበር። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«እትዬ፣ ምን ይመስላል?» አለኝ።

«ጥሩ ነው፤ አብሽር» አልኩት።

ለምን እንደሞተ ኋላ አዲስ አበባ ያገኘናት ፕላስቲክ ሰርጀን አስረዳችኝ። ከጭን የተላጠ ቆዳ የራሱን ደም ይዞ አይመጣም። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን ከሥሩ ካለው ሥጋ ፈሳሽ እየመጠጠ ይቆያል። ከዚያ የሥጋው ጥቃቅን ደም ሥሮች ከቆዳው ጋር ይገናኛሉ። በ4ኛውና በ5ኛው ቀን ገደማ ደም መዞር ይጀምራል። አጥንት በስስ ሽፋኑ እንደተሸፈነ ከሆነ ይህን ሊያደርግለት ይችላል፤ ጅማትም እንዲሁ። ሽፋናቸው ከተገፈፈ ግን የሚመጠጥ የለም። ቆዳው በረሃብ ይሞታል። ሰርጀኗ ይህን ስትነግረኝ ማንንም አልወቀሰችም። እኔ ግን ያ የተላጠው የጭን ቆዳ እስካሁን ያናድደኛል።

ሁለት መንገድ አለ አለችን። አንዱ ፍላፕ ነው፤ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጡንቻ ወይም ቆዳ ከነደም ሥሩ አምጥቶ፣ በማይክሮስኮፕ እያዩ ከእግሩ ደም ሥር ጋር መስፋት። ረጅም ቀዶ ሕክምና ነው፤ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ሁለተኛው «ሰው ሠራሽ ቆዳ» የሚባለውን ስስ ሉህ አስቀድሞ ማንጠፍ፣ ሉሁ ሥጋ ሲሆን በላዩ ግራፍት ማድረግ። «አጥንቱ ተሰብሮ ብረት ገብቶበት ወይም መገጣጠሚያው ተከፍቶ ቢሆን ፍላፕ ነበር የምለው» አለች። የወንድሜ የተገለጠው አጥንት ሰፊ አልነበረም፤ ቁስሉም መግል የለውም። ስለዚህ ሁለተኛውን መረጥን።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ። «ሰው ሠራሽ ቆዳ» ሲባል እናታችን የጠበቀችው ተለጥፎ የሚያበቃ ቆዳ ነበር። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያስበው። ዕቃው ድርብ የሆነ ስስ ሉህ ነው። ላይኛው ሲሊኮን ነው። ታችኛው ነጭ፣ ስፖንጅ የመሰለ ነገር ነው፤ ከከብት ጅማት በሚወጣ ኮላጅን በሚባል ፕሮቲንና ከሻርክ ልም አጥንት በሚወጣ ንጥረ ነገር የተሠራ። ስፖንጁ በራሱ ሕይወት የለውም። የበሽተኛው ሕዋሳትና ደም ሥሮች ከዳርና ከሥር እየገቡ ይሞሉታል። እነሱ የራሳቸውን ኮላጅን ሲሠሩ የመጣው ኮላጅን ቀስ በቀስ ይሟሟል። በመጨረሻ የሚቀረው የወንድሜ የራሱ ሥጋ ነው፤ የውስጠኛውን ቆዳ ቦታ የሚይዝ። ሲሊኮኑ እስከዚያው ክዳን ነው። ውኃ እንዳይተን፣ ጀርም እንዳይገባ ይከላከላል። የላይኛውን ቆዳ ግን ይህ ሉህ አይሰጣችሁም። እሱ ያው ከራስ ጭን ነው የሚመጣው።

ይህን ያወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ቦስተን አካባቢ ይሠሩ ነበር። ጆን በርክ የተቃጠሉ ሰዎችን የሚያክም ቀዶ ሐኪም ነበር። ዮአኒስ ያናስ ደግሞ የግሪክ ተወላጅ፣ የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር፤ ጭራሽ ሐኪም አልነበረም። በቃጠሎ በሽተኞች ላይ የሠሩትን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1981 አሳተሙ። በ1996 «ኢንቴግራ» በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ ለቃጠሎ ተፈቀደ። ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል የተፈቀደው በ2016 ነው። የእኛም የዚሁ ዓይነት ነው። ተማሪዎቼ ኮላጅንን ለፈተና ይሸመድዱትና በማግስቱ ይረሱታል። አሁን በዚህ ታሪክ ስለማስተምረው ቢያንስ ከኋላ የሚቀመጡት አይተኙም።

ስለተሠራበት ነገር አንድ ጣልቃ ልግባ። ጎረቤታችን ያሉ ሼህ ሊጠይቁን ሲመጡ መጀመሪያ ያነሡት ይህንኑ ነው። «ከምን የተሠራ ነው?» አሉ። ጥያቄያቸው ልክ ነው፤ ከአሳማ አንጀት የሚሠራ የቁስል ሉህም አለ። እኔም ሰርጀኗን ጠይቄ ስለነበር «ከከብትና ከዓሣ ነው» አልኳቸው። «እንግዲያማ ምን ችግር አለው። ባይሆንም ለነፍስ ነው፤ ይፈቀዳል። አላህ ያሽረው» ብለው ዱዓ አደረጉለት። እናቴ በበኩሏ የጾም ወቅት ነበርና «ከብት እግሩ ላይ ካስገባማ ጾሙን ገደፈ በሉኛ!» አለች። ወንድሜ እየሳቀ አለቀሰ። ሲስቅ እግሩ ይነቃነቅበታል።

ዋጋውን በብር አልጽፍም። የሚገዛው በዶላር ስለሆነ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል። ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን የወሰደው ግን ሉሁ ነው። ቅሬያችን፣ የሰፈሩ ዕድር፣ አዋጣ፤ የእኔ የዕቁብ ዕጣም ተለምኖ ወደ ፊት መጣ። ፋርማሲ ገብታችሁ የምትገዙት ነገርም አይደለም። ሆስፒታሉ በአስመጪ በኩል አዘዘው፤ እኛም ጠበቅን። እስኪመጣ ድረስ ቁስሉ ፈሳሹን በሚመጥጥ የቫኪዩም ማሽን ተሸፍኖ ቆየ።

ያበሳጨኝ ነገር የሉሁ ልክ ነው። በተወሰነ መጠን ተቆርጦ ነው የሚመጣው፤ ለምሳሌ 10 በ12.5 ሴንቲሜትር። ቁስሉ ከዚያ ካነሰ ትርፉ ይጣላል። አንዴ ከተከፈተ ለሌላ ቀንም ለሌላ ሰውም አይሆንም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ንጽሕናው ነው። እኔ ግን የመጋረጃ ቁራጭ እንኳ የማልጥል ሴት ነኝ። የተጣለውን ሳስበው እስካሁን ያቃጥለኛል። ስለዚህ ከመታዘዙ በፊት ቁስሉ በሴንቲሜትር ይለካ። ትንሹ ልክ ይበቃ እንደሆነ ጠይቁ፤ ጠያቂ አይወቀስም።

በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የደረቀውን የአጥንት ገጽ ነጠብጣብ ደም እስኪያወጣ ድረስ ላጡት። ደም ካልታየ ሉሁ አይነጠፍም። ከዚያ ሉሁ በቁስሉ ቅርጽ ተቆርጦ በስቴፕል ተያዘ። ከኋላ በኩል ጀሶ ተደረገለት፤ ቁርጭምጭሚቱ እንዳይታጠፍ።

ቀጥሎ ያለው መጠበቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 3 ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ የሚበልጥበትም አለ። ሰው እዚህ ጋ ነው ተስፋ የሚቆርጠው፤ ምንም የሚሠራ ነገር ያለ አይመስልማ። እኔን ያጽናናኝ ሲሊኮኑ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ፋሻ በተቀየረ ቁጥር በስልኬ ፎቶ አነሣሁ፤ ያው መስኮት፣ ያው ሰዓት። መጀመሪያ ቀይ ነበር። ከዚያ ሮዝ ሆነ። በመጨረሻ ወደ ቢጫ የሚያደላ የኮክ ቀለም ያዘ። ሰርጀኗ የምትጠብቀው ይህንኑ ቀለም ነበር። ዳሩ ቀድሞ ደረሰ። አጥንቱ ያለበት መካከል ወደ ኋላ ቀረ። ፎቶዎቹን ተራ በተራ ሳያቸው፣ ቀለሙ በየሳምንቱ ከዳር ወደ መሀል ሲገባ ይታየኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ደንግጠናል። በአንዱ ጥግ ከሲሊኮኑ ሥር ፈሳሽ ቋጠረ። ነርሷ በጣቷ ጫን ስታደርገው ፈሳሹ ወዲያ ወዲህ ይላል። ያን ጥግ በመቀስ ከፈቱት፣ አፈሰሱት፣ አጠቡት፣ የብር ማዕድን ያለበት የቁስል መሸፈኛ አደረጉለት። ዳነ። መግል የዚህ ሉህ ዋና ጠላት ነው። ደም ሥር ገና ያልገባበት ስፖንጅ ጀርምን የሚመክትበት ነገር የለውም። ቀድሞ በደንብ ያልታጠበ ቁስል ላይ ከተነጠፈ ገንዘቡን ሜዳ ላይ መበተን ነው።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና አጭር ነበር። ሰርጀኗ በስልኳ የቀረጸችውን አሳየችኝ። የሲሊኮኑን ጫፍ በፒንሴት ይዛ ስትስበው ያለ ትግል ተላቀቀ። ከሥሩ የታየው እርጥብ፣ ለስላሳ፣ አጥንት የማይታይበት ሥጋ ነው። ያ ቢጫ አጥንት የለም! እውነቱን ልናገርና ወረዳ ፍርድ ቤት ያሸነፍኩ ያህል ነው የጮኽኩት።

በላዩ የተደረገው ግራፍት ከተራው የሳሳ ነው፤ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ውስጠኛው ቆዳ ከሥር ስለተሠራ ብዙ መላጥ አያስፈልግም። ያም ቢሆን ጭኑ ነው ያሰቃየው። ይህን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ቁስሉ እግሩ ላይ ነው፤ ሲያቃስት የሚይዘው ግን ጭኑን ነው። ሲላጥ የነርቭ ጫፎች ይገለጣሉ፤ ንፋስ ሲነካው እንኳ ይለበልባል። የተለጠፈበት መሸፈኛ በራሱ ጊዜ እስኪላቀቅ መተው አለበት፤ ሁለት ሳምንት ያህል። ከዚያ ማሳከክ ይመጣል። «እትዬ፣ እግሬን ተይውና ጭኔን አሳክሚልኝ» ይለኝ ነበር። አዲሱ ቆዳ ጭን ላይ የሚበቅለው በላብ ዕጢዎችና በጸጉር ሥሮች ውስጥ ከቀሩት ሕዋሳት ነው። ይህን አስረዳሁት። ዕጢም በለው ሥርም በለው፣ አልተጽናናም።

ግራፍቱ በ5ኛው ቀን ተከፈተ። ዳር እስከ ዳር ሮዝ ነው። እንደ ወንፊት ስለተበሳ በቀዳዳዎቹ በኩል የሥሩ ሥጋ ይታያል፤ ቀዳዳዎቹ በኋላ ራሳቸው ይገጥማሉ። ቀዳዳ ያስፈለገው ደምና ፈሳሽ ከሥሩ እንዳይጠራቀም ነው። ከተጠራቀመ ቆዳው ከሥጋው ይነሣና ይሞታል።

ወደ ደሴ መመለሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። 400 ኪሎ ሜትር እግር አንጠልጥሎ አይኬድም። አባዱላ ውስጥ የኋላውን ወንበር ሙሉ ከፍለን እግሩን ትራስ ላይ ሰቅለን መጣን። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ሲገባ ጋቢዬን ለእግሩ ሰጠሁት።

ቤት ከገባን በኋላ የምናመሰግናት አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ፋሻው ሲጣበቅ አትነቅለውም። ኖርማል ሳላይን፣ የጨው ውኃውን፣ ታንጠባጥብበትና ሌላ በሽተኛ እያየች ትጠብቃለች። «ቲቸር፣ አትቸኩይ፤ ይርጠብ» ትለኛለች። ከእሷ በፊት ሌላ ቦታ በደረቁ ስቦ የነቀለብን ነበር፤ ዳሩ ላይ አዲስ ቆዳ ይዞ ተነሣ። ደግመን አልሄድንም። ሰርጀኗን ፍለጋ የምትደክሙትን ያህል ፋሻ ቀያሪ ፍለጋም ድከሙ።

የጎረቤት ምክር መቼም አይጎድልም። ቁስል ሽታ ይጠላል ተብሎ በሩ ተዘጋ፣ ዕጣን ተከለከለ። ቡና ግን አልተከለከለም፤ ወሎ ላይ ማን ይከለክላል? አቦሉም ቶናውም በረካውም ቁስሉ አጠገብ ተጠጣ። እኔ የፈራሁት ሽታውን ሳይሆን ፋሻውን ገለጥ አድርጎ «እስቲ ልየው» የሚለውን እጅ ነው። ማርና የቡና ዱቄት ይዘው የመጡም ነበሩ፤ አመስግኜ ማሩን ለቁርሱ አደረግሁት። ሰርጀኗ ያዘዘችው ፕሮቲን ነው፤ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ምስር። እናቴ የንስሐ አባታችንን አስፈቅዳ እንቁላሉን ራሷ ቀቀለችለት። ሲጋራ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም ተባለ። ኒኮቲን ደም ሥርን ያጠብባል፤ አዲሱ ሥጋ የሚኖረው በእነዚያ ጥቃቅን ደም ሥሮች ነው። ወንድሜ ጫት ሲይዝ ነው የሚያጨሰው። ስለዚህ ጫቱንም ደበቅሁበት። አኮረፈ፤ አለፈለት።

ሌሎችም ዓይነቶች አሉ። ማትሪደርም የሚባለው ከኮላጅንና ከኢላስቲን የሚሠራ ስስ ሉህ ነው፤ ግራፍቱን በዚያው ቀን በላዩ ማድረግ ይቻላል። አውስትራሊያ ውስጥ የወጣው ኖቮሶርብ ከእንስሳ ምንም የለበትም፤ ፖሊዩሬታን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው። አይስላንዶች ከኮድ ዓሣ ቆዳ ይሠራሉ፤ ብራዚሎች የቲላፒያ ቆዳ ለቃጠሎ ሞክረዋል። ቲላፒያ ያው የሐይቃችን ቆሮሶ ነው። አሁን ከሐይቅ ዓሣ ገዝታችሁ ቁስል ላይ እንዳትለጥፉ! የነሱ ጀርሙ የተገደለ፣ በላቦራቶሪ የተዘጋጀ ነው።

ስኳር ላለበት ሰው አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ወደ እግሩ ደም መድረሱ ይመርመር። ደም የማይደርስበት እግር ላይ ውዱም ርካሹም ሉህ አይይዝም። በስኳር ወይም በሥጋ ደዌ ስሜቱን ያጣ እግርም እንዲሁ ነው። ጫናው ከውስጥ እግሩ ካልተነሣ በላዩ የተሠራው ሁሉ ይፈርሳል።

ውጤቱስ? ቁስሉ ተዘግቷል። ቦታው ጎድጎድ ያለ ነው፤ የወንፊቱ ምልክትም አልጠፋም። ጸጉር አይበቅልበትም፣ አያልበውም፤ ስለዚህ ይደርቃል፣ በየቀኑ ቫዝሊን ይፈልጋል። ከፀሐይ መሸፈን አለበት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ፀሐዩን ታውቁታላችሁ። ሉሁን ያስወደደኝ ግን አንድ ነገር ነው። ወንድሜ እግሩን ወደ ላይ ሲያነሣ ጅማቱ ከቆዳው ሥር ሲንሸራተት ይታያል። ቆዳው ጅማቱ ላይ ተጣብቆ አልቀረም። ዳገት ይወጣል፣ ሞተሩንም በእግሩ መትቶ ያስነሣል። ለዕቃው ከ10 ውስጥ 8 ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱን የቀነስኩት ለዋጋውና ለተጣለው ትርፍ ነው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ለተሰጠን የመውጫ ወረቀት ግን 4 ነው የሰጠሁት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ስለ ስሜት አንድም ቃል የለበትም። የአዲሱ ቆዳ መካከል ደንዝዟል። መርፌ ቢነካው ዳር ዳሩ ላይ ነው የሚታወቀው። መካኒክ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከጋለ ማርሚታ፣ ከጭስ ማውጫው፣ አጠገብ ነው የሚውለው። አንድ ቀን ሱሪውን ሰብስቦ ሲሠራ የጋለ ማርሚታ ቆዳውን አቃጠለው፤ ያወቀው ደንበኛው ሲጮህበት ነው። ትንሽ ነበርና ዳነ። አሁን ጫማ ሰፊ ያሠራለትን የቆዳ መከለያ ሳያስር መፍቻ አያነሣም። ወረቀቱ ላይ ይህ አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ 7 እሰጠው ነበር።